ያቺ ስንዝር ሽቦ

ሐምሌ ላይ ነው፣ አዘዞ። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው፣ ግቢው ጭቃ በጭቃ። ከቤቱ ጀርባ ለብቻዋ የቆመችውን የመኪና ጋራዥ የእንጨት ሥራ መሥሪያ ካደረግኳት ሁለት ወር አልሞላኝም። መብራት አብርቼ የመሰርሰሪያውን ማሽን ነካ ሳደርገው ነዘረኝ። ማሽኑ እኮ ጠፍቷል! መብራቱን አጥፍቼ በቴስተር ሞከርኩት፣ ምንም የለም። አበራሁት፣ ቴስተሩ በራ። አምፖሉም ደብዘዝ ብሎ ነበር፣ ልብ አላልኩትም እንጂ።

መስመሩን የዘረጋልኝ ልጅ ጋ ደወልኩ። «ጋሼ አያስቡ፣ ኧርዝ ቀብሬያለሁ እኮ» አለኝ፣ መሬት ውስጥ የሚቀበረውን ብረት ማለቱ ነው።

አላስቻለኝም። ሸምገል ያሉ ኤሌክትሪሺያን አመጣሁ። ዋናውን አጠፉና የጋራዡን ትንሽ ሳጥን ፈቱት። ስንዝር የማትሞላ አረንጓዴ ሽቦ ኒውትራሉን ከኧርዙ ጋር አገናኝታለች። «ይቺን እዚህ ማን አዘዛት?» አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኒውትራልና ኧርዝ ከተገናኙም የሚገናኙት አንድ ቦታ ብቻ፣ ከቆጣሪው አጠገብ መነሻው ላይ ነው። ከዚያ ወዲያ ሳይነካኩ መሄድ አለባቸው። ኒውትራል ሁልጊዜ ኮረንቲ ይመልሳል፤ ኧርዝ ግን ብልሽት እስኪመጣ ባዶውን የሚቀመጥ ሽቦ ነው። ሁለተኛው ሳጥን ላይ ዳግም ካሰራችኋቸው የሚመለሰው ኮረንቲ ሳጥኑንም፣ ማሽኑንም፣ የነካውን ብረት ሁሉ መንገድ ያደርጋል። ኒውትራሉ ጤነኛ እስከሆነ ድረስ ላይታወቃችሁ ይችላል። የእኔ ግን ዋናው ሳጥን ውስጥ ላልቶ ኖሯል፣ ብሎኑ ጠቁሮ ዙሪያው ያለው ፕላስቲክ ቀልጧል። በአምፖሉ ያለፈው ኮረንቲ መመለሻ ሲያጣ በዚያች ስንዝር ሽቦ ዞሮ ማሽኑ ላይ ወጣ።

«ታዲያ የተቀበረው ብረትስ?» አልኳቸው። እሳቸው ሳቁ፣ እኔም ቆይቼ በስልኬ አሰላሁት። የብረቱና የአፈሩ መቋቋም 25 ኦም ቢሆን እንኳ 220 ቮልት የሚያሳልፈው 8.8 አምፔር ብቻ ነው። ዘልሎ መስመሩን መቁረጥ ያለበት 20 አምፔር ብሬከር በዚህ ምን ተዳው! አፈሩ በበጋ ሲደርቅ ደግሞ ይብስበታል። ብሬከሩን የሚያስዘልለው እስከ ዋናው ሳጥን የሚመለስ የኧርዝ ሽቦ ነው። ብረቱ ይቀበር፣ ለመብረቅም ደግ ነው፣ ግን ያንን ሽቦ አይተካም። ልጁ ደግሞ ከቤት እስከ ጋራዥ የሳበው ሁለት ሽቦ ብቻ ነው፣ ኮረንቲ የሚያመጣው ፌዝና የሚመልሰው ኒውትራል። (ዩቲዩብ ላይ አሜሪካኖቹ አራት ሲስቡ አይታችሁ እንዳትደናገሩ። እነሱ 120 ቮልት የሆኑ ሁለት መስመሮች ስላሏቸው ነው፤ አንድ ፌዝ ላለው ለእኛ ቤት ሦስት ይበቃል።)

ሰውዬው የላላውን አጥብቀው፣ የተቃጠለውን ቀይረው፣ ስንዝሯን ሽቦ አወጧት። በተቀበረው ቱቦ ሦስተኛ ሽቦ ሳቡና 30 ሚሊ አምፔር ላይ የሚዘል አርሲዲ (ኮረንቲ ሲያፈተልክ መስመሩን የሚቆርጥ መሣሪያ) ገጠሙልኝ። ለሽቦው ያወጣሁት ብር እስካሁን ያመኛል።

መጨረሻ ላይ የተቀበረውን ብረት እንየው አሉ። ግማሽ ቀን የሚያስቆፍረን መስሎኝ ዶማ ሳነሳ በእጃቸው ነቅነቅ አድርገው መዘዙት። አንድ ክንድ አይሞላም። ልጁ ከሥር ጥቁር ድንጋይ ሲገጥመው የተረፈውን በግራይንደር ቆርጦት ኖሯል።