384 ሰው የሩቁን ጎጥ አያሳይም

ለገጠር ጤና ጥናት ገንዘብ በሚጠየቅባቸው ፕሮፖዛሎች ላይ የማይጠፋ የናሙና ቁጥር አለ፤ 384 ሰው። የችግሩን ስርጭት 50 በመቶ፣ የስህተት ወሰኑን 5 በመቶ፣ የመተማመኛ ደረጃውን 95 በመቶ ካደረጉት ሒሳቡ እዚያ ላይ ያርፋል። መልስ ለማይሰጡ 10 በመቶ ይጨመርና 423 ይሆናል። ይህ ቁጥር «በወረዳው ከመቶ እናቶች ስንቱ በጤና ተቋም ወለዱ?» ለሚለው ይበቃል። «ጤና ጣቢያው አጠገብ ያለችውና ቆላ የምትኖረው እኩል ያገኛሉ ወይ?» ለሚለው ግን አይበቃም። የጤና ፍትሐዊነት ጥያቄ ደግሞ ይኼኛው ነው።

በቅርብ ጎጥ 60 በመቶ፣ በሩቅ ጎጥ 50 በመቶ እናቶች ተቋም ይወልዳሉ እንበል። ይህን ልዩነት በ80 በመቶ አቅም (ልዩነቱ ካለ የማግኘት ዕድሉ ከመቶ ሰማንያ ሆኖ) ለመለየት ከየወገኑ 385 ገደማ፣ በድምሩ 770 እናት ያስፈልጋል። እናቶቹ ግን የሚመረጡት በጎጥ በጎጥ ነው፤ የአንድ ጎጥ ሰው መንገዱም ውኃውም ልማዱም አንድ ስለሆነ መልሱ ይመሳሰላል። ከየጎጡ 20 ሰው ቢወሰድና የመመሳሰሉ መጠን 0.05 ቢሆን፣ ናሙናው የሚባዛበት ቁጥር 1 + 19 × 0.05 = 1.95 ይመጣል። 770 በዚህ ሲባዛ 1,502፤ 10 በመቶ ሲጨመር 1,652። የ423 አራት እጥፍ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። በ423 ሰው በጀት «ልዩነትን አጠናለሁ» ያለ ሰው ልዩነት ሳያገኝ ይመለሳል፤ ሪፖርቱም «ልዩነት የለም» ተብሎ ይነበባል። ለወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ከዚህ የከፋ መረጃ የለም።

ቁጥሩ ተስተካክሎም የሩቁ ጎጥ በሌላ በር ያመልጣል። የምሥራቅ ጎጃሟን ደጀንን እንውሰድ፤ ከተማዋ ደጋው ጫፍ ላይ ናት፣ ወረዳው ግን ዐባይ በረሃ ድረስ ይወርዳል። መረጃ ሰብሳቢ በመጠይቅ ብዛት የሚከፈለው ከሆነ አስፋልቱን አይለቅም። ቤቱ ተዘግቶ ሲያገኝ ጎረቤቱን ይተካል፣ ጎጡ ሲርቅ ሌላ ጎጥ ይተካል። ስለዚህ ክፍያው በቀን ይሁን፤ ደጋ ላይ በቀን 8 መጠይቅ ከታቀደ ቆላ ላይ 3 ይታቀድ፤ ሦስት ጊዜ ሳይኬድ ቤት መተካት ይከልከል። የበቅሎ ኪራይና የመንገድ መሪ አበል በጀቱ ውስጥ በግልጽ ይጻፉ፤ «ልዩ ልዩ» ውስጥ ከተቀበሩ መጀመሪያ የሚቆረጡት እነሱ ናቸው። መንገድ በሚዘጋበት ሰሞን ሥራው እንዴት እንደሚቆምና እንደሚቀጥልም አስቀድሞ ይወሰን፤ ለሠራተኛ ሕይወት ሲባል ገንዘብ ሰጪው ቀን ለማራዘም ፈቃደኛ መሆን አለበት።

ናሙናው የሚወጣበት ዝርዝር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከጤና ኬላው የቤተሰብ ማኅደር፣ ማለትም ከየቤተሰቡ መዝገብ ነው። ጥሩ መነሻ ነው፤ ግን መሬት የሌለው ወጣት፣ በቅርብ የገባ ቤተሰብ፣ ወደ ቆላው ጃዊ ወርዶ በቀን ሥራ የሚያድር ሰው ብዙ ጊዜ የለበትም። በየጎጡ ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ጋር ቤት ለቤት ቆጠራ ቢደረግ ይህ ይታረማል። ያለ ቆጠራ የሚሠራ ጥናት በጣም የተጎዱትን ከጅምሩ ይሰርዛል።

ወቅትም አለ። ጥርና የካቲት መንገዱ ደረቅ፣ መኸሩም የገባበት ስለሆነ ሁሉም ጥናት እዚያ ይከማቻል። ወባ ግን ዋናው ወቅቷ ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው። በጥር የተለካ ወባ ቆላውን ጤነኛ አስመስሎ ያሳያል። ሁለት ዙር መክፈል ግድ ነው።

የሕፃናት ዕድሜ ላይ የሚጠፋው ጥንቃቄ ያሳዝናል። መጠይቁ የሚሞላበት ታብሌት የፈረንጅ ቀን ይጠይቃል፣ እናት በእኛ አቆጣጠር ትናገራለች። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ገደማ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ይጨመራል። በጥር የተወለደ ላይ 7 ከተጨመረ ልጁ አንድ ዓመት ያረጃል፤ ቁመቱ ደህና ሆኖ ሳለ የቀነጨረ ተብሎ ይመዘገባል። በኅዳር የተወለደ ላይ 8 ከተጨመረ የቀነጨረው ይደበቃል። ቀኑ እንደተነገረ በእኛ አቆጣጠር ይመዝገብና ቅየራውን ኮምፒዩተሩ ይሥራው።

በደንብ የተከፈለበት ጥናት ምን እንደሚሰጥ ጎጃም ራሷ ምስክር ናት። በጎንቻ ሲሶ እነሴ በአሜሪካ ብሔራዊ የዓይን ተቋም ገንዘብ የተሠራው የትራኮማ ጥናት መነሻው ዓይን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው ውጤት ግን አዚትሮማይሲን የተባለው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት በታደለባቸው ጎጦች ከ1,000 ሕፃናት በዓመት 4.1፣ ባልታደለባቸው 8.3 መሞታቸውን አሳየ። መድኃኒቱ የሕፃናትን ሞት ይቀንሳል ወይ የሚለው ጥያቄ ከዚያ ወደ ኒጀር፣ ማላዊና ታንዛኒያ ተሻገረ። በምሥራቅ ጎጃም 696 የዝሆኔ ሕሙማን የተሳተፉበት ሙከራም አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ታትሟል። እግርን በሳሙናና በረኪና ጠብ በተደረገበት ውኃ ማጠብ፣ ቫዝሊን መቀባት፣ ፋሻ፣ ካልሲና ጫማ ያገኙት ላይ በሽታው ለአንድ ሰው በዓመት 19.4 ጊዜ ተነሳ፤ ለማነጻጸሪያ በቆዩት ላይ ግን 23.9 ጊዜ።

በሁለቱም ጥናቶች ለማነጻጸሪያ የቆዩት ሰዎች ሕክምናውን የሚያገኙት ዘግይተው እንዲሆን ከመነሻው ታቅዶ ነበር። ይህ ዕቅድ በፕሮፖዛሉ የሥነ ምግባር ገጽ ላይ ብቻ ሳይሆን በበጀት ሠንጠረዡም መታየት አለበት፤ የመድኃኒቱ፣ የሳሙናው፣ ላበጠ እግር በልክ የሚሰፋው ጫማ ዋጋ ከነማጓጓዣው። ከሥሩም አንድ መስመር ይጨመር፦ ከቅዳሴ በኋላ በየጎጡ ውጤቱን በአማርኛ ለመንገር የግማሽ ቀን አበልና የበቅሎ ኪራይ።