አያቴን ጉበት ያደረግኸው አንተ ነህ?

በሥራ ክፍላችን ግድግዳ ላይ፣ ከቡና ማፍያው በላይ፣ «ያየኸውን ጻፍ እንጂ የመሰለህን አትጻፍ፤ የሰው ስም አይታረምም» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል። ከሥሩ የክፍል ኃላፊያችን ፊርማ አለበት። አዲስ ሠራተኛ በተቀጠረ ቁጥር ኃላፊያችን ወደ ወረቀቱ እየጠቆመ፣ መመሪያው ከረዥም ዘመን ልምዱ የመነጨ መሆኑን ሲያስረዳ እሰማለሁ፤ እኔም ቡናዬን እየቀዳሁ ዝም እላለሁ። ማስታወቂያው የተጻፈው በእኔ ጥፋት ምክንያት ነው፤ ጥፋቱን ያጠፋሁት ደግሞ እሱ ባዘዘኝ መንገድ ስሠራ ነበር። ቂም ይዘሃል የሚለኝ ሰው ቢኖር አልከራከረውም።

የምሠራው እስራኤል ውስጥ፣ የድሮ የስደተኞች መመዝገቢያ ካርዶችን ወደ ኮምፒዩተር በሚገለብጥ መሥሪያ ቤት ነው። የተቀጠርሁት አማርኛ በማወቄ ነበር። በ1984 እና በ1991 (እ.ኤ.አ.፤ ሌሎቹም ዓመታት እንዲሁ) ከኢትዮጵያ የመጡትን ወገኖች የመዘገቡት ጸሐፊዎች የሰሙትን ስም በጆሯቸው ልክ ስለጻፉት፣ አንዱ ከበደ በአንድ ካርድ ላይ ቆፍ በተባለችው የዕብራይስጥ ፊደል፣ በሌላው በካፍ ተጽፎ ይገኛል። በአገራችን የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር ስላልነበረ የአባት ወይም የአያት ስም የቤተሰብ ስም ተደርጎ ተመዝግቧል፤ በዚህም የተነሳ አንዱ ወንድም በአባቱ፣ ሌላው በአያቱ ስም ተጠርቶ የአንድ ጎጆ ልጆች ባዕድ መስለው የሚታዩበት ጊዜ ብዙ ነው። እነዚህን ማገናኘት የእኔ ድርሻ ነበር፤ በደንብም እሠራው ነበር።

የኢትዮጵያ ሣጥኖች ሲያልቁ ከአውሮፓ የመጡትን፣ በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ የተጻፉትን ካርዶች እንድይዝ ተደረገ። የአውሮፓን ስሞች እንደማላውቅ ለኃላፊያችን አስቀድሜ ነግሬው ነበር። «የኢትዮጵያ ስም ዕውቀት ይጠይቃል፤ የአውሮፓውን ግን ፕሮግራሙ ራሱ ያውቀዋል። ቀይ ካሰመረበት እሱ የሚልህን ተቀበል» አለኝ። ቃል በቃል ነው የጻፍሁት።

ካርዱ ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ። ጠርዙ የተበላ፣ ሪባኑ ባለቀ የጽሕፈት መኪና የተመታ ቢጫ ወረቀት ነው። በቤተሰብ ስም ቦታ ላይ ሦስት ፊደሎች አሉ፤ ቤት፣ ቤት፣ ዳሌት። በመጨረሻዎቹ ሁለት ፊደሎች መካከል፣ ከላይ፣ ሁለት ደቃቅ ነጠብጣቦች ይታያሉ፤ የዝንብ ኩስ ናቸው ብዬ አለፍኋቸው። ዕብራይስጥ የሚያነብ ሰው እንደሚያውቀው፣ በማተሚያ ፊደል ቤትን ከካፍ የሚለያት በግርጌዋ ቀኝ ጥግ የምትወጣው ትንሽ ጭራ ብቻ ናት፤ የዚህ መኪና ጭራ ደግሞ ተበልታ አልቃለች። ፕሮግራሙ ቀይ አሰመረ፤ ከሥሩም ካፍ፣ ቤት፣ ዳሌት የሚል እርማት አቀረበልኝ።

እኔ ደግሞ ያንን ባየሁ ጊዜ ልቤ ዘለለ። ካፍ፣ ቤት፣ ዳሌት ለእኔ ሌላ ምንም ሳይሆን ከበደ ነው። የዕብራይስጡ ካቬድ እና የእኛ ከባድ የአንድ ሥር ልጆች ናቸው፤ ዕብራውያን ክብርን ካቮድ የሚሉትም ከዚያው ሥር ነው። ከድሮዋ ፖላንድ፣ ከጋሊሲያ፣ የመጣ አንድ አይሁዳዊ፣ ጢሙን አሳድጎ፣ ከጎንደር ሰው ጋር ሞክሼ ሆኖ ሲገኝ ደስ አይልም ማለት አልችልም። ሌላ ማረጋገጫ ሳልፈልግ «ለሁሉም ተግብር» የምትለውን ቁልፍ ተጫንሁ። በሣጥኑ ውስጥ ይህን ስም የያዙት አሥራ አራቱም ካርዶች በአንድ ጊዜ ታረሙ። ማታ ለባለቤቴ «ዛሬ ፖላንድ ውስጥ ዘመድ አገኘሁ» ብዬ እንደነገርኋት አስታውሳለሁ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ከእንግዳ መቀበያ ተጠራሁ። ዕድሜያቸው ከሰማንያ የሚያልፍ፣ ከዘራ የያዙ፣ ፀጉራቸውን በጥንቃቄ ያበጠሩ እመቤት ቆመዋል። በእጃቸው የአንድ ካርድ ቅጂ ይዘዋል፤ የመዝጋቢው መለያ ቁጥር፣ ማለትም የእኔ ቁጥር፣ በቀይ ተከብቦበታል። ኃላፊያችንም ከጎናቸው ቆሟል።

«አያቴን ጉበት ያደረግኸው አንተ ነህ?» አሉኝ።

በዕብራይስጥ ካቬድ ከባድ ማለት ብቻ ሳይሆን ጉበትም ነው። ይህን እያወቅሁ አንዴም ትዝ አላለኝም ነበር። ጉበት ማለቴ እንዳልነበረ፣ ከባድ ማለቴ እንደነበረ ልነግራቸው አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት፤ ለሰው አያት ሁለቱም የሚሻል አልመሰለኝም።

ኃላፊያችን ፈጠን ብሎ «ይቅርታ እመቤቴ፣ ሠራተኛው ለአውሮፓ ስም አዲስ ነው» አለ። እመቤቲቱ ዞር ብለው አዩት። «አንተስ አሮጌ ነህ? ባባድ ማለት ምን ማለት ነው?» ብለው ጠየቁት። እሱም ጥቂት አሰበና ከአንድ የፖላንድ ከተማ የተወሰደ ስም ሳይሆን እንደማይቀር መለሰ። እመቤቲቱ አልመለሱለትም። ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ ከጠረጴዛዬ ላይም እስክርቢቶ አንሥተው ሦስቱን ፊደሎች ጻፉ። ከዚያም እጃቸውን ከፍ አድርገው፣ ምስማር እንደሚመታ ሰው፣ በሁለተኛው ቤት እና በዳሌት መካከል ሁለት ጭረቶችን አሳረፉ።

«ስሙ እነዚህ ናቸው። ፊደሎቹ አጃቢ ናቸው» አሉኝ።

ጌርሻይም የሚባሉት እነዚያ ጭረቶች አንድ ቃል ከብዙ ቃላት መነሻ ፊደሎች የተሰበሰበ መሆኑን ያመለክታሉ። ባባድ ማለት ብኔይ አቭ ቤት ዲን፣ በእኛ አነጋገር «የፍርድ ቤቱ አለቃ ልጆች» ማለት ነው፤ የ«አቭ» መነሻ የሆነችው አሌፍ ብዙውን ጊዜ ትጻፋለች፣ በእነሱ ካርዶች ላይ ግን ቀርታለች። ጭረቶቹ ከጠፉ ግን ዕብራይስጥ አንባቢ ያንኑ ቃል «በጨርቅ» ብሎ ያነበዋል። እመቤቲቱ በትምህርት ቤት ጊዜያቸው ልጆች «በጨርቅ! በጨርቅ!» እያሉ ይጠሯቸው እንደነበር ነገሩኝ፤ ጉበት ግን ከእኔ በፊት ያላቸው ሰው አልነበረም።

የነገሩኝን በኋላ ራሴም አጣርቻለሁ። በምህጻር የተሠሩ የአይሁድ ስሞች ብዙ ናቸው፤ ካትስ ኮሄን ጼዴክ፣ የጽድቅ ካህን ነው፤ ሴጋል ሴጋን ሌቪያ፣ የሌዋውያን ምክትል ነው፤ ሻትስ ሽሊያሕ ጺቡር፣ የጉባኤው ጸሎት መሪ ነው። ካህን ነኝ የሚል ቤት ሁሉ ካትስ ሊባል ስለሚችል ካትስ እንደ አሸዋ ነው። ባባድ ግን የአንድ ቤት ስም ነው። የዘር ሐረጉ የሚቆጠረው በ17ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ገደማ በብሮዲ ከተማ የፍርድ ቤቱ አለቃ ከነበሩት ከክራኮው ሰው ከራቢ ይስሐቅ ነው። ከዚህ ቤት በስፋት የሚታወቁት በ1874 ያረፉት የታርኖፖል ራቢ ዮሴፍ ባባድ ሲሆኑ፣ ስለ 613ቱ የኦሪት ትእዛዛት የጻፉት «ሚንሓት ሒኑኽ» የተባለው መጽሐፋቸው እስከ ዛሬ በየየሺቫው፣ ማለትም በአይሁድ የሃይማኖት ትምህርት ቤቶች፣ ይጠናል። ብሮዲም ታርኖፖልም ዛሬ በምዕራብ ዩክሬን ይገኛሉ፤ ያን ጊዜ ጋሊሲያ ይባል የነበረው አገር ነው። የኦስትሪያው ንጉሠ ነገሥት ዮሴፍ ሁለተኛ በ1787 አይሁድ ሁሉ የጀርመንኛ የቤተሰብ ስም እንዲይዙ አዘዘ፤ ዛሬ ከዚያ አገር የመጡ ብዙ ሰዎች ሮዘንና በርግ የበዛበት ስም የተሸከሙት ከዚያ ወዲህ ነው። ባባድን የመሰለ ዕብራይስጥ ከዚያ ወንፊት ሾልኮ መትረፉ በራሱ ብርቅ ነው።

ከአንድ ግንድ የወጣ ስም መቼም ቁጥሩ አይበዛም። ሴት ልጅ አግብታ ስትሄድ ስሙን ይዛው አትሄድም፤ ወንድ ያልወለደ ቤትም ስሙ እዚያው ይቆማል። ጋልተንና ዋትሰን የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን በ1874 ይህንኑ በሒሳብ ሠርተውታል። በብሮዲ ላይ የደረሰው ግን በሒሳብ የሚወሰን አልነበረም። አብላጫ ነዋሪዋ አይሁድ የነበረባት ያቺ ከተማ፣ ሕዝቧ በ1942 በባቡር ቤልዜትስ ወደተባለው የናዚዎች የሞት ካምፕ ተጋዘ፤ በ1943 ግንቦት ደግሞ የቀሩት አይሁድ የታጎሩበት ሰፈር፣ ጌቶው፣ ጨርሶ ባዶ ሆነ። ዛሬ የስሙ ባለቤቶች በእስራኤል፣ በአሜሪካና በእንግሊዝ ይገኛሉ። በአገሩ የስም ዝርዝር ኮሄንና ሌቪ ከላይ ሲቀመጡ፣ ባባድን የሚፈልግ ሰው ጣቱን ይዞ ወደ ታች ብዙ መውረድ አለበት። እንዲህ ካለው ስም ላይ ነው እኔ በአንድ ቁልፍ አሥራ አራት ሰው የቀነስሁት። ቀነስሁ ብቻም አይደለም፤ መነሻው ብሮዲና ታርኖፖል የሆነ፣ አሥራ አራት አባላት ያሉት፣ ጉበት የሚባል ጎሣ ፈጥሬያለሁ።

ይቅርታ ጠየቅሁ፤ ስለ ከበደም ነገርኋቸው። በአገሬ ስሙ የተከበረ እንደሆነ፣ በክፋት ሳይሆን በዘመድ ናፍቆት እንዳደረግሁት አስረዳሁ። እመቤቲቱ ከንፈራቸውን ሰብሰብ አድርገው ሲያዳምጡኝ ቆዩና አንገቴ ላይ የተንጠለጠለውን መታወቂያ በከዘራቸው ጫፍ ወደ ብርሃን መለሱት። ስሜን አነበቡ፤ ደገሙት።

«ፒርዳ? በቅሎ?»

የቤተሰብ ስሜ የአያቴ ስም፣ ፈረደ ነው። በሰባት ዓመቴ በ1991 ስመጣ የመዘገበን ጸሐፊ ፔ፣ ሬሽ፣ ዳሌት፣ ሄ ብሎ ጻፈው። ዕብራይስጥ ደግሞ በቃል መጀመሪያ ላይ ያለችውን ፔ አብዛኛውን ጊዜ «ፕ» ብሎ ስለሚያነብ፣ ያው ቃል ፒርዳ፣ ሴት በቅሎ ይሆናል። አስተማሪዎቼ በጥሪ ሰዓት እንዲህ ብለው በጠሩኝ ቁጥር ክፍሉ በሳቅ ይሞላ ነበር።

«ፈረደ ነው» አልኋቸው። «ፍርድ ሰጠ ማለት ነው።»

«ዳኛ?»

«ወደዚያው ይጠጋል።»

«እንግዲያ እኔ የዳኛ ልጅ፣ አንተም የዳኛ ልጅ» አሉ ከዘራቸውን መልሰው። «እኔን ጉበት፣ አንተን በቅሎ አደረጉን።» ከዚያም ወደ ኃላፊያችን ዞረው «ያንተስ ስም ምንድን ነው?» አሉት። ነገራቸው። ስሙን እዚህ አልጽፈውም፤ አባቱ እዚህ አገር ሲገቡ ከአንድ መዝገብ ላይ የመረጡት፣ በአገሩ በብዛት ከሚገኙት አንዱ መሆኑን ብቻ ልናገር። እመቤቲቱ «ጥሩ ነው፤ እሱን ፕሮግራሙም ያውቀዋል» ብለው ተነሡ።

ካርዶቹን ለማቃናት ሁለት ሳምንት ወሰደብኝ። እርማቱን «ለሁሉም» ማድረግ አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ መመለሱ ግን አንድ በአንድ ነው፤ ጭረቶቹንም ፕሮግራሙ እንደ ባዕድ ምልክት እያየ ይበላቸው ስለነበር ለቴክኒክ ክፍሉ ሦስት ጊዜ ጻፍሁ። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ማስታወቂያው ግድግዳው ላይ ወጣ። በስብሰባ ላይም ኃላፊያችን «አንዳንድ ሠራተኞች በፕሮግራሙ ላይ ከመጠን በላይ ይተማመናሉ» አለ። እኔም መመሪያውን ለማክበር ቃል ገባሁ።

ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ቃሌን ጠብቄያለሁ። ባለፈው ዓመት በአንድ ካርድ ላይ ካፍ፣ ሄ፣ ቫቭ የሚል የቤተሰብ ስም አጋጠመኝ። የሰውየው አባት ካርድ ከሥሩ ነበር፤ እዚያ ላይ ኮሄን ተብሎ ጥርት ብሎ ተጽፏል። የኑን ረጅም እግር በልጁ ካርድ ላይ ስለተቆረጠ ነው ቫቭ የመሰለው። ፕሮግራሙም ይህንኑ አውቆ ቀይ አሰመረበት። እኔ ግን የሰው ስም አላርምም። ካሁ ብዬ መዘገብሁት።

ባለፈው ወር ብርቅ የዕብራይስጥ ስሞችን የሚያጠና አንድ ሰው ለመሥሪያ ቤቱ ጥያቄ ላከ፤ በመላው መዝገብ ውስጥ አንድ ባለቤት ብቻ ያለው «ካሁ» የተባለው ስም ከየት እንደመጣ ማወቅ ይፈልጋል። ኃላፊያችን ደብዳቤውን ወደ እኔ ሲመራው ከግርጌው የራሱን አስተያየት ጨምሮበታል፤ ቃሉ መፍዘዝን ስለሚያመለክት፣ ስሙ በዘፍጥረት 27 ላይ ከፈዘዙት የይስሐቅ ዓይኖች ጋር የተያያዘ ጥንታዊ ስም ሳይሆን እንደማይቀር ያምናል። ደብዳቤው ከሁለቱ ካርዶች ጋር ጠረጴዛዬ ላይ አለ። የልጁን ካርድ ወደ መብራቱ ቀረብ ሳደርገው የኑን እግር እንደ ፀጉር ቀጥና ትታያለች።