በረሃ ውስጥ ፍርስራሽ ስታዩ መጀመሪያ ውሃውን ፈልጉ

ለጂኦግራፊ ትምህርት እስራኤል ውስጥ ወዳለው ኔጌቭ በረሃ የመስክ ጉዞ አለ ሲባል፣ ክፍሉ ውስጥ የነበረው ወሬ ስለ ፎቶ ነበር። ዓምዱ፣ ቅስቱ፣ ጀምበሯ። እኔ ለሪፖርቴ አንድ ጥያቄ ብቻ ይዤ ወጣሁ፦ እዚህ አገር ሰው ምን ጠጥቶ ኖረ? የምንሄድበት አቭዳት የሚባለው፣ የጥንት ዕጣን ነጋዴዎች የነበሩት የናባጣውያን ከተማ፣ በዓመት የሚያገኘው ዝናብ በአማካይ ከ100 ሚሊሜትር በታች ነው። አዲስ አበባ በሐምሌ ብቻ ከዚህ እጥፍ በላይ ይዘንብባታል።

ከታች፣ ከኤን አቭዳት ገደል ጀመርን። የጺን ወንዝ ነጩን ድንጋይ ቆርጦ የሠራው ሸለቆ ነው፤ ግራና ቀኝ ግድግዳ፣ መሃል ላይ አረንጓዴ ኩሬ። መዋኘት ክልክል ነው፣ በዚያ ሙቀት ደግሞ ኩሬ አይቶ ዝም ብሎ ማለፍ ምን ያህል እንደሚከብድ የሄደበት ያውቀዋል። የዋልያ የቅርብ ዘመድ የሆኑት የበረሃ ፍየሎች ቀጥ ባለው ገደል ላይ ተዝናንተው ይሄዳሉ። መጨረሻው ላይ ደረጃና የብረት መሰላል አለ። በእሱ መውጣት እንጂ መውረድ አይፈቀድም፤ ስለዚህ መኪናችሁ ላይኛው በር ላይ እንዲጠብቃችሁ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ገደሉ ውስጥ ከመግባታችን በፊት መምህራችን ከኛ በላይ ስላለው ሰማይ ብዙም አልተጨነቀም። የሚያየው ከላይ ያለውን የተፋሰሱን ትንበያ ነበር። ደራሽ ጎርፍ እናንተ ጋ ጠብታ ሳይወርድ ሩቅ ከዘነበበት ተነስቶ ይመጣል። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2018 ናሃል ጻፊት በሚባለው ሸለቆ 10 ወጣቶች የሞቱት በእንዲህ ዓይነት ጎርፍ ነው። ዝናብ ሊኖር ይችላል ከተባለ ገደል ውስጥ አይገባም፣ በቃ።

ግን ይህን ያህል ደረቅ መሬት ውሃውን ለምን አይጠጣውም? መምህራችን መልሱን በሃይላንድ ውሃ አሳየን። ነፋስ ያመጣው ደቃቅ አፈር ላይ ቀስ እያለ አፈሰሰ። መጀመሪያ ትንሽ ሰረገ። ከዚያ የላዩ አፈር ተላቁጦ እንደ ልስን ተደፈነና የቀረው ውሃ እየተንሸራተተ ወደ ጫማዬ መጣ። እዚያ ቁጭ ብዬ ብዙ ጻፍኩ፤ ምክንያቱም ገደል ውስጥ ሰው የሚገድለውም፣ ላይ ያለውን ከተማ ያበላውም ይኸው ነገር ነው።

የጥንት ገበሬዎቹ ኮረብታውን ሁሉ እንደ ጣሪያ ተጠቀሙበት። ከተዳፋቱ የሚወርደውን ውሃ በቦይ እየመሩ ሸለቆው ውስጥ በድንጋይ ወደተከተረ እርከን አስገቡት። ኮንሶን ያየ ሰው ግንቡን ወዲያው ይለየዋል። ለአንድ ሄክታር እርሻ ከ20 እስከ 30 ሄክታር የሚሆን ተዳፋት ያስፈልጋል። ሚካኤል ኤቨናሪ የሚባል የዕፅዋት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ አቭዳት ሥር ያለውን ጥንታዊ እርሻ መልሶ ጠገነና በዝናቡ ብቻ ፍሬ አፈራበት። እርሻው ከከተማው ቁልቁል ይታያል፤ አብዛኛው ጎብኚ ግን ጀርባውን ሰጥቶት ሰልፊ ይነሳል።

ከተማው ውስጥ በጣም የገረመኝ የወይን መጭመቂያው ነው። የሚረገጥበት ወለል፣ ጭማቂው የሚወርድበት ቦይ፣ የሚጠራቀምበት ጉድጓድ፣ ሁሉም ቁልጭ ብሎ ይታያል። የግሪኩ ጸሐፊ ዲዮዶሮስ ስለ ጥንቶቹ ናባጣውያን ሲጽፍ፣ እህል መዝራት፣ ቤት መሥራትና ወይን ጠጅ መጠጣት በሞት የሚያስቀጣ ሕግ ነበራቸው ይላል። አፉ ጠባብ የሆነ ጉድጓድ ቆፍረው፣ ውሃ ሞልተው፣ ለራሳቸው ብቻ የሚታወቅ ምልክት ትተው ይሸፍኑት ነበር። እነዚህ ከዕጣንና ከርቤ ጋር ከግመል ኋላ የሚሄዱ ሰዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ106 ሮም ግዛታቸውን ጠቀለለች፤ በኋላም በቢዛንታይን (በምሥራቅ ሮም) ዘመን ያው ኮረብታ ቤተ ክርስቲያንና የወይን መጭመቂያ ሞላበት። የማያርሱት ዘላኖች ከተማ ወይን ጠማቂ ሆና ቀረች ማለት ነው።

ለሚሄድ ተማሪ፦ ከፎቶ ይልቅ በእርሳስ ሳሉ። ቦዩ ከየት ተነስቶ የት እንደሚገባ ፎቶ አይነግራችሁም፣ ስትስሉት ግን መከተል ግድ ይሆንባችኋል። ገደሉን በጠዋት ጨርሱ። ከተማው ላይ ጥላ የሚባል ነገር እምብዛም የለም፣ ባርኔጣ ያስፈልጋል። ለስንቅ ቆሎ የሚያህል የለም፣ ሙቀት አያበላሸውም፤ የክፍል ጓደኞቼ መጀመሪያ የወፍ ምግብ ነው ብለው ስቀው ኋላ ጨረሱብኝ።

ቀጥሎ ማየት የምፈልገው ሺቭታ የሚባለውን ሌላ የኔጌቭ ጥንታዊ ከተማ ነው። እዚያ የዝናቡ ውሃ በጎዳናው እየተመራ መሃል ከተማ ወዳሉት ሁለት ትላልቅ ገንዳዎች ይገባ ነበር። ነዋሪው ገንዳውን የመጥረግ ግዴታ ነበረበት፤ ሠርቶ ለጨረሰ ሰው በሸክላ ስባሪ ላይ የተጻፈ ደረሰኝ ይሰጠው ነበር፣ ከደረሰኞቹም አንዳንዶቹ በቁፋሮ ተገኝተዋል።