ኳርተርባክነቱን በነሐሴ እንዴት እንዳገኘሁት

ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ የአሜሪካን ፉትቦል የሚጫወቱ የሐበሻ ልጆች አሁን አሁን ብቅ ብቅ እያሉ ነው። ወላጆቻቸው ሲያገኙኝ፣ ቤተክርስቲያን በር ላይም ይሁን ለቅሶ ቤት፣ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው። "አንተ ልጅ፣ ያንን ቦታ እንዴት አገኘኸው?" ቆሜ የምመልሰው ነገር አይደለም። ስለዚህ ከነስህተቱ ልጻፈው ብያለሁ።

መጀመሪያ ቦታውን ላስረዳ። አንድ ቡድን ሜዳ ላይ 11 ሰው ያሰልፋል። ኳርተርባኩ ኳሷን ሴንተር ከሚባለው ከፊቱ ካለው ልጅ ይቀበልና ወይ ለሯጭ ይሰጣል፣ ወይ ይወረውራል፣ ወይ ራሱ ይዞ ይሮጣል። በአራት ሙከራ 10 ያርድ ካልተሄደ ኳሷ ለሌላው ቡድን ናት። ሌላው ቦታ ላይ ተጫዋች ይፈራረቃል፤ የደከመው ወጥቶ ያረፈው ይገባል። ኳርተርባክ ግን አንድ ነው። ሁለተኛው ሳምንቱን ሙሉ እኩል ሲለፋ ይከርምና ቅዳሜ ጠርዝ ላይ ቆሞ ያያል። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ቆሜ አይቻለሁ።

ኮሌጃችን ትንሽ ነው፣ በሦስተኛው ዲቪዥን የሚጫወት። እዚያ ደረጃ ላይ የስፖርት ስኮላርሺፕ የሚባል ነገር የለም። ሁላችንም የመጣነው ጨዋታውን ስለምንወደው ነው። ሦስተኛ ዓመቴን ልጀምር ስል ቋሚው ተሰላፊ ተመረቀና ቦታው ባዶ ሆነ። አራት ሆነን ገባንበት። ከአራታችን አንዱ ከትልቅ ዩኒቨርሲቲ ተዛውሮ የመጣ ልጅ ነው። ክንዱን ሳይ ደነገጥኩ። 60 ያርድ ሲወረውር ሰውነቱ እንኳ ብዙ አይንቀሳቀስም። እኔ 50 ያርድ ለማድረስ ወገቤን እስከ መጨረሻው መጠምዘዝ አለብኝ።

በጸደይ ልምምድ መጨረሻ አሰልጣኙ ቢሮው ጠርቶኝ የተናገረው ግን ስለ ክንዴ አልነበረም። "የፊት መስመር ልጆቹ አይሰሙህም" አለኝ፣ ከፊቴ ቆመው የሚከላከሉልኝን ማለቱ ነው። እኔ ያደግሁት ትልቅ ሰው ፊት ድምፅ ማሰማት ነውር ነው እየተባልኩ ነው። ያንን አስተዳደግ ዛሬም እኮራበታለሁ። ሜዳ ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። 130 ኪሎ የሚመዝነው ልጅ ኳሷ መቼ እንደምትነሳ የምነግርበትን ቆጠራዬን ካልሰማ ዘግይቶ ይነሳል፣ እሱ ከዘገየ ደግሞ ኳሷን ገና ሳልይዛት ተከላካዩ ደረቴ ላይ ነው።

አባዬ ታክሲ ነው የሚነዳው። ማታ አምስት ሰዓት ገደማ ይገባል። ሰኔና ሐምሌን ሙሉ፣ ሲገባ ጠብቄ አፓርታማችን ፓርኪንግ ውስጥ አንድ ጥግ አቆመዋለሁ፣ እኔ ሌላው ጥግ ሄጄ እቆጥራለሁ። ጨዋታውን አያውቀውም። ቁልፉን በእጁ እንደያዘ፣ ጃኬቱን ሳያወልቅ፣ ራሱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጠኛል። መጀመሪያ ሰሞን "አልሰማሁም" ብቻ ነበር የሚለኝ። አንድ ቀን እንደ ጉድ ጮህኩ። ዝም ብሎ ቆየና "አሁን ሰምቻለሁ፣ ግን እየለመንክ ነው። ልጄ፣ እዘዝ እንጂ!" አለኝ። ከዚያ በኋላ የሠራሁት ጩኸት ላይ ሳይሆን ቃሉን ቆርጦ መጣል ላይ ነው። ከማንም አሰልጣኝ የዚህን ያህል የጠቀመኝ ምክር አላገኘሁም።

ሌላው የክረምት ሥራዬ ወረቀት ነበር። ፕሌይቡኩን፣ ማለት የአጨዋወት ንድፎቹ ያሉበትን መጽሐፍ፣ የራሴን ሥራ ብቻ ሳይሆን የ11ዱንም እያንዳንዱን እርምጃ በእጄ ሣልኩት። ግራ ጠባቂው ማንን ነው የሚይዘው፣ ሯጩ ኳሷን ካልያዘ የት ነው የሚሄደው፣ ሁሉንም። ይሄ ለምን እንደሚጠቅም ለወጣቶቹ ልንገራችሁ። አንዱ ጨዋታ ካለቀ በኋላ ለቀጣዩ 40 ሰከንድ ነው ያላችሁ። በዚያ ውስጥ ትእዛዙን ትቀበላላችሁ፣ ለቡድኑ ትናገራላችሁ፣ ታሰልፋላችሁ፣ ተከላካዩን ታነባላችሁ፣ ካልጣማችሁ ትቀይራላችሁ። የጓደኛችሁን ሥራ ለማስታወስ አምስት ሰከንድ ካጠፋችሁ ተከላካዩን የምታዩበት ጊዜ አይተርፋችሁም።

ካምፑ የተከፈተው ጾመ ፍልሰታ ከገባ በኋላ ነው። ይሄ ነገር ለኛ ልጆች በየዓመቱ ይመጣል፣ ስለዚህ በደንብ ልናገረው። ፍልሰታ ነሐሴ 1፣ በፈረንጁ ኦገስት 7 ይገባል፤ የኮሌጅ ቡድኖች ደግሞ ዋናውን ዝግጅት የሚሠሩት በዚያው ወር ነው። የንስሐ አባቴን አስቀድሜ አማከርኳቸው። "ውሃ ሳትጠጣ በዚያ ፀሐይ እንዳትሮጥ፤ ከሥጋና ከወተቱ ታቀብ፣ ሰዓቱን ግን ተፈቅዶልሃል" አሉኝ። ከዚያ ለቡድኑ የጤና ባለሙያ ነገርኩ። በየቀኑ ከልምምድ በፊትና በኋላ መዘነችኝ፣ ስንት ውሃ መጠጣት እንዳለብኝም ነገረችኝ። እማዬ ሽሮውን፣ ምስሩን፣ ክክ አልጫውን በየዕቃው እያደረገች በረዶ አስይዛ ላከችልኝ። ደብቃችሁ አትጹሙ፣ ያ አደገኛ ነው። ተናገሩ፣ መንገድ ይገኝለታል።

ሽሮው ሳላስበው ሌላ ነገር አመጣልኝ። ክፍል የተጋራሁት ከሴንተሩ ጋር ነበር። መጀመሪያ ሽታው ጠራው፣ ከዚያ ቀመሰ፣ በሦስተኛው ቀን እንጀራውን እሱ ነው ከማይክሮዌቭ የሚያወጣው። ማታ ማታ በአንድ ሳህን እየበላን ጨዋታ እናወራለን። በዚያ ወበቅ ላብ ከክንዱ እስከ ኳሷ ድረስ ይወርድ ነበር፣ የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ሁለቴ ከእጄ አመለጠችኝ። ስለዚህ ከእራት በፊት ባልዲ ውሃ ይዘን ሜዳ እንወርዳለን። ኳሷን ነክረን መቶ ጊዜ ይሰጠኛል፣ መቶ ጊዜ እቀበላለሁ። እርጥብ ቆዳ መዳፍ ላይ ሲያርፍ የሚያሰማው ድምፅ አለ፤ በትክክል ከገባ "ጧ" ይላል፣ ካልገባ ይንሸራተታል። ከአንድ ሳምንት በኋላ ሳላይ በድምፁ ብቻ መለየት ቻልኩ። እስከ ዓመቱ መጨረሻ አንድም አልጣልንም።

ልምምዱ ቀስ ብሎ ነው የሚጀምረው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ሄልሜት ብቻ፣ ቀጥሎ የትከሻ መከላከያ ይጨመራል፣ ሙሉ ትጥቅ ከዚያ በኋላ። ኳርተርባኮቹ እንዳንመታ ቀይ ማልያ እንለብሳለን። ተራው ለአራት ስለሚከፈል በቀን የሚደርሰኝ ጥቂት ነበር። ቀሪውን ጊዜ ቆሜ አላሳለፍኩትም። ከሚጫወተው ልጅ 10 ያርድ ወደ ኋላ እቆምና ልክ ኳሷ እኔ እጅ ያለች ይመስል ወደ ኋላ እረግጣለሁ፣ አያለሁ፣ ባዶ እጄን እወረውራለሁ። የሚያየኝ ሰው ምን ይላል ብዬ አላፈርኩም።

አራተኛው ቀን ላይ ግን ተበላሸሁ። በአንድ ከሰዓት ሦስት ኢንተርሴፕሽን፣ ማለት ሦስት ኳስ ለተቃራኒው። በጣም ያመመኝ ሦስተኛው ነው። ከኳሷ መነሳት በፊት ከኋላ ሁለት ተከላካዮች ጥልቅ ቆመው ነበር። እኔም መሐሉ ክፍት ነው ብዬ ወሰንኩ። ኳሷ እንደተነሳች አንደኛው ወደ ፊት ወርዶ መሐሉን ዘጋው፤ እጁ ላይ ነው የወረወርኩለት። ማታ ፊልም ክፍል ውስጥ አሰልጣኙ ምስሉን አቁሞ "ምን አየህ?" አለኝ። "ተቀባዩ መስመሩን ቀድሞ ሰበረ" አልኩ። ምንም አላለም። ወደ ኋላ መልሶ እንደገና አጫወተው። ተቀባዩ ልክ ነበር። ልጁ ከኋላዬ ተቀምጦ ዝም ብሎ ያያል።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ያሳፈረኝ ውርወራው ሳይሆን ልጁ ላይ ማላከኬ ነው። ጠዋት ቁርስ ላይ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩት። የዚያኑ ዕለት ማታ እንደገና ሌላ ስህተት ሲመጣ "ኳሷ ከተነሳች በኋላ ሴፍቲውን አላየሁትም፣ ሳላይ ወረወርኩ" አልኩ። ሴፍቲ የሚባለው ከኋላ ጥልቅ የሚቆመው ተከላካይ ነው። አሰልጣኙ አንገቱን ነቀነቀና ወደሚቀጥለው አለፈ። ለወጣቶቹ የምለው ይሄንን ነው፦ አሰልጣኝ ስህተታችሁን በካሜራ ያየዋል፣ ከእናንተ መስማት የሚፈልገው ያያችሁትን ነው። ያላያችሁትን አየሁ ካላችሁ ሊያርማችሁ አይችልም።

ማታ ማታ የሌሎችን ታሪክም አነብ ነበር። የአላባማ ዩኒቨርሲቲው ኳርተርባክ ጄለን ኸርትስ በጃንዋሪ 2018 የኮሌጆች ብሔራዊ ዋንጫ ፍጻሜ ላይ እረፍት ሰዓት ተቀይሮ ወጣ፤ ቱዋ ታጎቫይሎዋ ገብቶ አላባማ ጆርጂያን 26 ለ 23 አሸነፈ። ኸርትስ ቦታውን አጣ፣ ግን ለዓመቱ ቆየ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር፣ ያችው ጆርጂያ ፊት፣ ቱዋ ሲጎዳ ገብቶ ቡድኑን 35 ለ 28 አሸናፊ አደረገው። ጆ በሮው ደግሞ ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ላይ ቋሚ መሆን ሳይችል ቀርቶ ወደ ሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ (ኤልኤስዩ) ሄደ፣ በ2019 60 የጎል ኳስ ወርውሮ ዋንጫውንም፣ ለዓመቱ ምርጥ የኮሌጅ ተጫዋች የሚሰጠውን የሄይስማን ሽልማትም ወሰደ። አንዱ ቆየ፣ አንዱ ሄደ፤ ሁለቱም ልክ ነበሩ ብዬ አምናለሁ። እነሱን ሳነብ ሁለተኛ ሆኜ ብቀርስ የሚለው ፍርሃት ቀለለኝ። ፍርሃቱ ሲቀል እጄም ተፈታ።

ወሳኙ የእርስ በርስ ግጥሚያ በሁለተኛው ቅዳሜ ነበር። ያኔ እኔና ያ ተዛውሮ የመጣው ልጅ ሁለታችን ብቻ ቀርተን ነበር። እሱ ሲጀምር ከ40 ያርድ በላይ የሆነ ኳስ በሁለት ተከላካይ መካከል አስገብቶ ጎል አደረጋት። እኔም ጠርዝ ላይ ሆኜ አጨበጨብኩ፣ ከልቤ ነው፣ እንደዚያ ዓይነት ውርወራ በየቀኑ አይታይም። በኋላ ግን ሁለት ኳስ አስነጠቀ። የኔ ጨዋታ የሚወራለት አልነበረም። አጭር አጭሩን አቀበልኩ፣ ሯጩን አሠራሁ። 12 ያርድ መስመር ላይ ስንደርስ የፊት መስመሩ ተሰበረና ሁለት ልጆች መጡብኝ። በግራ በኩል ተቀባዩ በጭንቅ ክፍት ነበር። እጄ ልትወረውር ነበር፣ አይኔ ግን ከጎኑ የሚመጣውን ተከላካይ ያዘው። ወደ ጎን ሮጥኩና ኳሷን ከሜዳ ውጪ፣ ማንም የማይደርስባት ቦታ ጣልኳት። በሚቀጥለው ሙከራም አልተሳካም። በእግር መትተን ሦስት ነጥብ አገኘን።

ሰኞ ጠዋት አሰልጣኙ ሁለታችንንም አንድ ላይ ጠራን፤ ለየብቻ አለማድረጉን አከብርለታለሁ። ማስታወሻውን ገልጦ ያነበበው ያንን የጣልኳትን ኳስ ነው። "ሦስቱን ነጥብ አላሳጣኸንም" አለኝና "አንተ ትጀምራለህ" ሲል ጨመረ። ልጁ እጄን ጨበጠኝ። አይኑ ቀልቶ ነበር። ምን እንደምለው ስላላወቅኩ ምንም አላልኩትም።

አራተኛው ጨዋታ ላይ ቁርጭምጭሚቴ ተጠማዘዘና በቃሬዛ ወጣሁ። እሱ ገባ። ጠርዝ ላይ እግሬን በበረዶ አስሬ ተቀምጬ፣ በየመሐሉ እየጠራሁት የግራው ተከላካይ ቀድሞ እንደሚወርድ ነገርኩት። በመጨረሻው ደቂቃ እዚያው ቦታ ላይ አገባት፣ አሸነፍን። ከሁለት ሳምንት በኋላ ድኜ ስመለስ ማን እንደሚጀምር አሰልጣኙ አልተናገረም። ማክሰኞ ልምምድ ላይ ተራው እንደገና እኩል ለሁለት ተከፈለ፣ እኔም 10 ያርድ ወደ ኋላ ቆሜ ባዶ እጄን መወርወር ጀመርኩ።