«ራሳቸውን ማስተዳደር አቃታቸው» ሲባል

ዛሬ የኮንጎ ነገር ተነስቶ አንድ ወዳጄ «ቅኝ ገዢዎቹ ሲወጡ ራሳቸውን ማስተዳደር አቃታቸው» አለ። ብዙ ሰው እንዲህ ይላል። እኔ ግን ስሰማው ደሜ ይፈላል።

(ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከ1885 እስከ 1908 ኮንጎ የአንድ ሰው የግል ንብረት ነበረች፤ የቤልጂየሙ ንጉሥ የዳግማዊ ሊዮፖልድ። ሰውየው እግሩ ኮንጎን ረግጦ አያውቅም። ሕዝቡ ከጫካ የጎማ ወተት እንዲያመጣ ኮታ ተጣለበት። ኮታው ካልሞላ ሚስት ትታገታለች፣ መንደር ይቃጠላል። በ1904 የተነሳ አንድ ፎቶ አለ። ንሳላ የሚባል አባት ቁጭ ብሎ ፊት ለፊቱ መሬት ላይ ያለውን ያያል። የትንሿ ልጁ እጅና እግር ነው። ከልጁ የተረፈው ያ ብቻ ነበር።

ከዚያ የቤልጂየም መንግሥት ተረከበ። መንገድ፣ ክሊኒክ፣ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተሠርቷል፤ አልክድም። ግን ጁን 30 ቀን 1960 ነፃነት ሲታወጅ ዩኒቨርሲቲ የጨረሱት ኮንጎዎች 30 እንኳ አይሞሉም ነበር። ከ20 ሺህ በላይ ወታደር ባለበት ጦር ውስጥ አንድም ኮንጎአዊ መኮንን አልነበረም።

በበዓሉ ላይ የቤልጂየሙ ንጉሥ ቦዱዋን የሊዮፖልድን ሥራ አወድሶ ተናገረ። አዲሱ ጠቅላይ ሚኒስትር ፓትሪስ ሉሙምባ በፕሮግራሙ ላይ አልነበረም፤ ግን ተነሳ። ጠዋት ማታ ስለወረደባቸው ስድብና ዱላ፣ ጥቁር ሰው «አንተ» እየተባለ «እርስዎ» ለነጭ ብቻ ይባል እንደነበር በንጉሡ ፊት ተናገረ። 34 ዓመቱ ነበር።

አምስት ቀን አለፈ። የጦሩ አዛዥ ቤልጂየማዊው ጄኔራል ያንሰንስ ወታደሮቹን ሰብስቦ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጻፈላቸው፦ «ከነፃነት በፊት = ከነፃነት በኋላ»፤ ለእናንተ የሚለወጥ ነገር የለም ማለቱ ነው። ጦሩ ወዲያው አመፀ። በሳምንቱ መዳብ የሞላባት የካታንጋ ክፍለ ሀገር በቤልጂየም ድጋፍ ተገነጠለች። በምርጫ የመጣው የሉሙምባ መንግሥት ሦስት ወር ሳይሞላው ፈረሰ። እሱም በጃንዋሪ 1961 ካታንጋ ውስጥ የቤልጂየም መኮንኖች ባሉበት ተረሸነ። አስከሬኑን በአሲድ አሟሙት። ቤልጂየም ይቅርታ የጠየቀችው በ2002 ነው።

ሰፈራችን ውስጥ አንድ የኮንጎ ዘማች ነበሩ፤ ከተባበሩት መንግሥታት ጦር ጋር በኢትዮጵያው ጠቅል ብርጌድ የሄዱ። ስለ ውጊያው ብዙም አያወሩም። «ልጄ፣ ቢሮው አለ፣ ወንበሩ አለ፤ ሥራውን የሚያውቀው ቤልጅግ ግን ጥሎ ሄዷል። ያገሬውን ሰው መች አስተማሩትና!» ይሉን ነበር። ይህን ከሳቸው የሰማሁ ሰው ያንን አባባል እንዴት ዝም ብዬ ልስማ?

ከዚያማ የጦር አዛዡ ሞቡቱ መጣ። በ1965 ሥልጣኑን ጠቅልሎ ያዘ፣ በ1970 ብቻውን ተወዳድሮ «ተመረጥኩ» አለ፣ በ1971 አገሪቱን ዛየር አላት። ኋይት ሐውስ በክብር ይቀበሉት ነበር። ኮሚኒዝምን እስከተቃወመላቸው ድረስ ገንዘቡም መሣሪያውም አልተቋረጠበትም፤ የጀርባ ድጋፉ የሳሳው ቀዝቃዛው ጦርነት ካበቃ በኋላ ነው።