እማዬ፣ የኮች ጉዞውና የበግ ጠጉሩ

እንግሊዝ አገር ከገባሁ 16 ዓመት ሆኖኛል። ከለንደን የምወጣው ግን ለሠርግ፣ ለክርስትናና ለለቅሶ ብቻ ነበር። በርሚንግሃምም ሊድስም ሌሊት ሄጄ ሌሊት እመለሳለሁ። ሥራዬ አረጋውያንን መንከባከብ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሌሊት ፈረቃ። የዚህን አገር ሰዎች ገላ አጥቤያለሁ፣ መድኃኒት አስውጫለሁ፣ የአንዳንዶቹን ዓይን በእጄ ከድኛለሁ። አገራቸውን ግን አላውቀውም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2023 ክረምት እማዬ ከመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ፣ ልትጠይቀኝ መጣች። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት ያሳለፈችው ነጠላዋን ተከናንባ መስኮት ሥር ተቀምጣ ነው። እኔ ከሌሊት ሥራ ገብቼ እተኛለሁ፣ እሷ መንገዱን ታያለች። አንድ ቀን ስነቃ፣ «ልጄ፣ እዚህ አገር መሬት የለም እንዴ?» አለችኝ። የዚያኑ ዕለት የሦስት ቀን የኮች፣ ማለትም የአገር አቋራጭ አውቶቡስ፣ ጉዞ ያዝኩ፤ አዳር፣ ቁርስና እራት ሁሉ ያለበት። ከሰኞ እስከ ረቡዕ ያደረግሁት ያለ ቅዳሴ እሑድን እንደማትውል ስለማውቅ ነው።

አርባ የሚሆኑ ፀጉራቸው የነጣ እንግሊዛውያንና እኛ ሁለታችን። እማዬ ስትገባ ከፊት እስከ ኋላ ላለው ሁሉ ጎንበስ እያለች «እንደምን አደራችሁ» አለች። አንዱም ቃሉን አላወቀው፤ ሁሉም ግን መለሱላት።

መጀመሪያ የደረስነው ባዝ ነው። ከተማው ሁሉ የማር መልክ ባለው አንድ ዓይነት ድንጋይ የተሠራ ነው። ሮያል ክሬሰንት የሚባለው፣ 30 ቤቶች ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ግማሽ ጨረቃ የሠሩበት ሕንፃ፣ ከ1767 እስከ 1774 የታነጸ ነው። እማዬን የማረካት ግን ውሃው ነው። ከመሬት በ46 ዲግሪ ሙቀት ይፈልቃል፣ በቀን ከአንድ ሚሊዮን ሊትር በላይ። «ፍልውሃ እኮ ነው!» ብላ ጮኸች። ጉልበቷን ልትነክር ፈልጋ ነበር፤ በጥንቱ ገንዳ መታጠብ እንደማይፈቀድ ስነግራት አዘነች። የሚጠጣ ግን አለ። ብርጭቆውን ይዛ፣ «የማን ጠበል ነው?» አለችኝ። ሮማውያን ክርስትና ሳይመጣ ለጣዖታቸው የሠሩት መሆኑን አልደበቅኋትም። ትንሽ አሰበች። «ውሃውን እነሱ አልፈጠሩትም» ብላ አማተበችና ሦስት ጊዜ ተጎነጨች። እኔም ቀመስኩ፤ ለብ ያለ፣ ብረት ብረት የሚል ነው።

የዕረፍት ሰዓት ሲሰጠን በታክሲ ኬልስተን ሮድ ሄድን። ይሄ በጉዞው ፕሮግራም ውስጥ የለም፤ ከቤት ሳልወጣ ያሰብኩት የራሴ ጉዳይ ነው። ጃንሆይ እ.ኤ.አ. ከ1936 ጀምሮ የስደቱን ዘመን የኖሩበት ፌርፊልድ ሐውስ እዚያ ነው። ከዚህ ቤት ተነሥተው ነው በ1940 ወደ ሱዳን የሄዱት፣ ከዚያም በቀጣዩ ዓመት ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ የገቡት። በ1958 ደግሞ ቤቱን ለአረጋውያን መገልገያ እንዲሆን ለባዝ ከተማ ሰጡት። ለአረጋውያን! ይህን ሳነብ፣ በየሌሊቱ የማገላብጣቸው ሽማግሌዎች ፊት አንድ በአንድ መጣብኝ። የእኛው ንጉሥ ተሰደው ያረፉበትን ቤት ለእነዚህ ሰዎች ትተውላቸው ሄደዋል፤ እኔ ይህን ሁሉ ዓመት ስሠራ ይህን አላውቅም ነበር።

እማዬ ቤቱን ዝም ብላ ነው ያየችው። አያቴ አርበኛ ነበር። «አባቴ አምስቱን ዓመት ገደል ለገደል ሲንከራተት እሳቸው እዚህ ነበሩ» አለች። ስትቆጣ የምትናገርበት ድምፅ ነው። ጥቂት ቆይታ ደግሞ፣ «ይሄም ያው ስደት ነው። በመስኮት የሰው አገር መንገድ ማየት» አለች። ወደ እኔ ግን አልዞረችም።

በማግስቱ ኮትስዎልድስ የሚባለው የገጠር አካባቢ ገባን። ከዚህ በኋላ አስጎብኚው ያወራል እንጂ ለእኔ ያስጎበኘችኝ እማዬ ናት። በየማሳው ዳር ያለውን የድንጋይ አጥር በመስኮት እያሳየች፣ «ያለ ጭቃ የተካበ ነው፣ ድንጋዩ በድንጋይ ተያይዞ የቆመ፣ እንደ እኛው» ትላለች። በጎቹን ስታይ፣ «ተሸልተዋል፣ ወር አይሞላቸውም» አለች። አስጎብኚው ቆይቶ ይህ ሁሉ ሀብት የመጣው ከበግ ጠጉር መሆኑን ሲናገር ተረጎምኩላት። በለንደን በፓርላማው የጌቶች ምክር ቤት አፈ ጉባኤው የሚቀመጡበት ቀይ መቀመጫ ሳይቀር እስከ ዛሬ በጠጉር የታጨቀ ነው። «ታዲያስ!» አለች፤ ሌላ ምን ሊሆን ኖሯል እንደማለት።

ቺፒንግ ካምደን የሚባለው ከተማ ውስጥ ያለው የቅዱስ ያዕቆብ ቤተ ክርስቲያን አብዛኛው የታነጸው በጠጉር ነጋዴዎች ገንዘብ ነው። ወለሉ ላይ በ1401 የሞተው ዊልያም ግሬቨል ከሚስቱ ጋር በናስ ተቀርጿል፤ ጽሑፉ «የመላው እንግሊዝ የጠጉር ነጋዴዎች አበባ» ይለዋል። እማዬ መቀመጥ ስለፈለገች እዚያው ትቻት ሻይ ልገዛ ወጣሁ። «ሦስት ሰዓት ላይ ኮቹ ጋ ነን» አልኳት።

በሰዓቱ አልነበረችም። ቤተ ክርስቲያኑም ውስጥ የለችም። ስልኳ እዚህ አገር አይሠራም፣ እንግሊዝኛ አትችል። በ1627 የተሠራውን የገበያ አዳራሽ፣ ሱቁን፣ መጸዳጃውን ዞርኩ። ሰዎቹ ሁሉ ኮቹ ውስጥ ሆነው ይጠብቁናል። እናቴን ጥዬ እንደጠፋሁ ሁሉ እግሬ ተንቀጠቀጠ። በመጨረሻ ያገኘኋት ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ በጎች ከሚግጡበት መስክ አጥር ሥር ነው። ሽቦው ላይ የቀረውን ጠጉር እየለቀመች በነጠላዋ ጫፍ ትቋጥራለች። «ምነው ፊትሽ ገረጣ? ሦስት ሰዓት አላልሽኝም? እስኪመሽ ገና ነው ብዬ እኮ ነው» አለችኝ።

ዘጠኝ ሰዓት ማለት ነበረብኝ። 16 ዓመት በፈረንጅ ሰዓት ኖሬ፣ ለገዛ እናቴም በዚያው ቆጠርኩላት። አለቀስኩ። እሷ የማለቅሰው በመዘግየታችን መሰላትና ኮቹ ውስጥ ስንገባ ለእያንዳንዱ ሰው «ይቅርታ፣ ይቅርታ» አለች።

ሂድኮት የአትክልት ስፍራ ውብ ነው። አጥሩ ራሱ ተክል ሆኖ እንደ ቤት ክፍል ክፍል ተደርጓል፤ ከአንዱ ወጥተሽ ወደ ሌላው ስትገቢ የአበባው ቀለም ይለወጣል። እኔ ግን ከእማዬ እጅ ዓይኔን አላነሣሁም፣ እጇንም አልለቀቅሁም።

ረቡዕ ጾም ስለሆነ ቁርሷ ዳቦ፣ ቲማቲምና እንጉዳይ ነበር። ከገበታው ትንሽ ፖም አንሥታ ከሆቴሉ እርሳስ ላይ ሰካችው፤ እንዝርት ሆነ። ኮቹ ውስጥ ጠጉሩን በጣቶቿ እያፍታታች መፍተል ጀመረች። ከጎናችን ሹራብ የሚሠሩ አሮጊት ነበሩ። ኪሮሻቸውን አስቀምጠው ብዙ ተመለከቱ፤ ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ። እማዬ ክሩን ሰጠቻቸው። በሁለት እጃቸው ወጠር አደረጉት፤ አልተበጠሰም። ሳቁ፣ እሷም ሳቀች፣ እኔን አስተርጓሚነት የጠየቀኝ የለም።

ባይብሪ የሚባለው መንደር የደረስነው በዚያ ሁኔታ ነው። አርሊንግተን ሮው የሚባሉት የድንጋይ ቤቶች በ1380 ገደማ የጠጉር መጋዘን ሆነው ተሠርተው በ17ኛው ክፍለ ዘመን የሸማኔ መኖሪያ ሆኑ። ፊት ለፊት ያለው ረግረግ መስክ የተሠራው ጨርቅ ታጥቦ የሚሰጣበት ነበር። ሕዝቡ ፎቶ ያነሳል። እማዬ ግን ጎንበስ ብላ የበሩን ቁመት፣ የመስኮቱን ጥበት ታያለች። «ብርሃኑ አነስተኛ ነው፤ የሸማኔው ዓይን ቶሎ ደክሟል» አለች።

ወደ አገሯ ስትመለስ ልቃቂቱን መስኮቴ ላይ ትታልኝ ሄደች። የእንቁላል ያህል ነው። አየር ማረፊያ ስሸኛት፣ «ለካልሲ እንኳ አይበቃም» አለችኝ። «ፈረቃ የሌለሽ ቀን ሂጂና ከአጥሩ ልቀሚልኝ፤ ስመጣ እፈትለዋለሁ።»