በኤሌክትሪክ ቀለም መርጫ የወላጆቼን ቤትና የግቢ በር እንዴት እንደቀባሁ

የቀለም መርጫ ማሽን ሥራን ያፈጥናል፤ ቡርሽ በማይገባበት የፍርግርግ ማዕዘን ሁሉ ቀለሙን እኩል ያዳርሳል። አደጋውም የሚመነጨው ከዚሁ ከጥቅሙ ነው። ቡርሽ ቀለሙን ከጣሳው በቀጥታ ወደ ግድግዳው ሲያደርሰው፣ መርጫው ግን አስቀድሞ ጉም ያደርገዋል፤ ጉም የሆነ ቀለም ደግሞ ሳንባ ውስጥ ይገባል፣ ከእሳት ጋር ይገናኛል፣ በነፋስ ተወስዶም የጎረቤት መኪና ላይ ያርፋል። ባለፈው በጋ ከጥምቀት በኋላ አዲስ አበባ የሚገኘውን የወላጆቼን ቤት ስቀባ ከማሽኑ በፊት ያጠናሁት ማሽኑ ውስጥ የሚገባውን ፈሳሽ ነበር፤ የቀሩት ጥንቃቄዎች ሁሉ ከዚያ ተከትለው መጡ።

ሥራው ሦስት ዓይነት ነበር። የሳሎኑና የመኝታ ክፍሎቹ ግድግዳ በፕላስቲክ (በውኃ በሚቀጥን) ቀለም፣ የላሜራው የግቢ በርና የመስኮት ፍርግርጎቹ በሲንተቲክ (ዘይት ባለበት) ቀለም፣ የግንቡ አጥር ደግሞ በውጭ ፕላስቲክ ቀለም መቀባት ነበረባቸው። በአሜሪካ የሚኖር የአጎቴ ልጅ የእርሱን መርጫ ሊልክልኝ ፈልጎ ነበር፤ ነገር ግን የዚያ አገር ማሽን በ120 ቮልት የሚሠራ ስለሆነ፣ በእኛ 220 ቮልት ላይ ያለ ትራንስፎርመር ቢሰካ ሞተሩ ይቃጠላል። ትራንስፎርመር ቢገኝም እንኳ አቅሙ ከማሽኑ ዋት በበቂ መጠን መብለጥ አለበት፤ ይህን ሁሉ ከመሸከም ለ220 ቮልት የተሠራ መግዛት ይሻላል ብዬ እዚሁ ገዛሁ።

ስገዛ የመረጥኩት ሞተሩ መሬት ላይ ተቀምጦ አየሩን በረጅም ቱቦ ወደ እጄታው የሚልከውን ዓይነት ነው። ሞተሩና የቀለም ጽዋው በአንድ ላይ የሚያዙበት ዓይነት ዋጋው ይረክሳል፤ ለውኃ ቀለምም ያገለግላል። ሆኖም የዚህ ዓይነት ሞተር አብዛኛውን ጊዜ ካርቦን ብሩሽ (ለሚዞረው ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያቀብል የከሰል ቁራጭ) ያለው በመሆኑ ሲሽከረከር ጥቃቅን ብልጭታ ይፈጥራል፤ አየሩንም የሚስበው ከዚያው ከቆምንበት ቦታ ነው። ተቀጣጣይ ተን ባለበት ስፍራ ብልጭታን በእጅ ይዞ መቆም ማለት ስለሆነ፣ ሞተሩን ከእኔ ማራቅ የሚያስችለኝን ቱቦ ከፍ ባለ ዋጋም ቢሆን መረጥኩ።

ከማሽኑ ጋር የመጣው መመሪያ፣ ፍላሽ ፖይንታቸው ከ21 ዲግሪ ሴልሲየስ በታች የሆኑ ፈሳሾች እንዳይረጩበት ይከለክላል። ፍላሽ ፖይንት ማለት አንድ ፈሳሽ በአጠገቡ ነበልባል ወይም ብልጭታ ቢኖር እሳት ለመያዝ የሚበቃ ተን መስጠት የሚጀምርበት ዝቅተኛው ሙቀት ነው። በእኛ አገር ቀለም ቤቶች በብዛት የሚሸጠው ናይትሮ ቲነር የተባለ ማቅጠኛ ብዙውን ጊዜ እንደ አሴቶንና ቶሉዊን ያሉ ነገሮች አሉበት፤ የአሴቶን ፍላሽ ፖይንት ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ፣ የቶሉዊን ደግሞ 4 ዲግሪ ገደማ ነው። ይህም ማለት በአዲስ አበባ በብርዱ ማለዳ እንኳ ጣሳው እንደተከፈተ ከላዩ ያለው አየር ሊቀጣጠል ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ ናይትሮ ቲነር በመርጫው ውስጥ ፈጽሞ እንዳይገባ ወሰንኩ። ለላሜራው በር የመረጥኩት ሲንተቲክ ቀለምና ማቅጠኛው አኳራጂያ ግን ጣሳቸው ላይ 38 ዲግሪ የሚል ተጽፎባቸው ነበር። ቁጥሩ ያልተጻፈበትን ጣሳ፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢቀንስ፣ አልገዛሁም።

እዚህ ላይ ደጋ ለምንኖር ሰዎች ብዙ ጊዜ የማይነገር አንድ ነገር አለ። በጣሳው ላይ የሚጻፈው ቁጥር በባሕር ወለል ላይ ባለው የአየር ግፊት የተስተካከለ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ እንደመሆኗ፣ የአየሩ ግፊት የባሕር ወለሉን ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው፤ ግፊቱ ሲቀንስ ፈሳሹ በቀላሉ ስለሚተን ፍላሽ ፖይንቱም ወደ 6 ዲግሪ ያህል ዝቅ ይላል። ስለሆነም 38 የተባለው ለእኛ 32 ገደማ ነው። ይህ ከመመሪያው ወሰን በላይ ቢሆንም፣ የቀትር ፀሐይ ያረፈበት ላሜራ ግን ከዚህ በቀላሉ የሚበልጥ ሙቀት ይኖረዋል። በሩን የረጨሁት ማለዳ፣ ፀሐይ ሳታገኘውና ነፋሱ ሳይነሣ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። በዚያም ላይ በጉም መልክ የተበተነ ቀለም ከፍላሽ ፖይንቱ በታች ባለ ሙቀትም ሊቀጣጠል ስለሚችል፣ ቁጥሩን አይቶ ብቻ እሳትን ቸል ማለት አይገባም።

የእሳቱን ጉዳይ ከቤተሰቡ ጋር ተቀምጠን ተነጋገርንበት። የቀለም ማቅጠኛ ተን ከአየር ይከብዳል፤ ወደ ላይ ወጥቶ አይጠፋም፣ መሬት ለመሬት እየተሳበ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይሄዳል። የቡና ከሰል ምድጃ የሚቀመጠውም እዚያው መሬት ላይ ነው። እናቴን፣ «እማዬ፣ በሩን ቀብቼ እስክጨርስና እስኪደርቅ ድረስ ቡናው ጓሮ ይፈላ፤ ዕጣንም አይጨስ» ስላት ምክንያቱን ጠየቀችኝና ካስረዳኋት በኋላ ከሰሉን ብቻ ሳይሆን ምጣዱንም፣ የጋዝ ምድጃውንም እንዳይለኮስ ራሷ ተቆጣጠረችልኝ። ለጎረቤቶችም ከዋዜማው ሄጄ ነገርኳቸው፤ መኪና ያለው መኪናውን አራቀ፣ ልብስ ያሰጣ ልብሱን አነሣ። ሞተሩን ደግሞ ነፋሱ በሚመጣበት አቅጣጫ፣ ተኑ በማይደርስበት ከፍ ያለ አግዳሚ ላይ አስቀመጥኩት።

ከመርጨቱ በፊት የነበረው አሮጌ ቀለም ሌላ ጥንቃቄ የሚሻ ነበር። በኢትዮጵያ በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ (ሊድ የሚባለው ብረት) በሚሊዮን ከ90 እጅ እንዳይበልጥ የሚያስገድድ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ የወጣው በ2018 እ.ኤ.አ. ነው፤ የወላጆቼ በርና ፍርግርግ የተቀቡት ግን ከዚያ ብዙ ዓመት ቀደም ብሎ ነበር። ስለዚህ እርሳስ እንዳለበት ቆጥሬ ሠራሁ። በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት ቢፈገፈግ ብናኙ ግቢውን ሁሉ ስለሚያዳርስ፣ ውኃ የሚችለውን የብርጭቆ ወረቀት እያራስኩ ፈገፈግኩት፤ ከሥር ላስቲክ አንጥፌ የረገፈውን ጠቅልዬ አስወገድኩ። እርሳስ የትንንሽ ልጆችን አእምሮ ስለሚጎዳ የእህቴ ልጆች በዚያ ሰሞን አያታቸውን ለመጠየቅ እንዳይመጡ ለመንኳት። የዝገቱ ነገር ካለቀ በኋላ ፀረ ዝገቱን በቡርሽ ቀባሁት፤ መርጫው ያገለገለው ለመጨረሻዎቹ ሽፋኖች ነው።

ስለ መተንፈስ ከሁሉ አብልጬ መናገር እወዳለሁ። በሠፈራችን ለረጅም ዘመን በቀለም ቅብ ሥራ የኖሩ አንድ አዛውንት ሥራዬን ሊያዩ መጥተው፣ «ልጄ፣ ማታ ማታ ወተት ጠጣ፤ ቀለሙን ጠርጎ ያወርድልሃል» አሉኝ። ይህን ምክር በቀለም ሥራ ያለፈ ሰው ሁሉ ሰምቶታል፤ የሚመክሩትም ከልብ አዝነው ነው። ሆኖም ወተት የሚሄደው ወደ ጨጓራ ሲሆን፣ ተኑና ጉሙ የሚገቡት በሳንባ ነው፤ ከሳንባም በቀጥታ ወደ ደም ያልፋሉ፤ የጠጣነው ወተት መንገዳቸው ላይ አያገኛቸውም። «እሺ ጋሼ፣ ወተቱን እጠጣለሁ፤ እርስዎ ደግሞ ይህን ጭንብል ይሞክሩልኝ» ብዬ ተጨማሪውን ጭንብል ሰጠኋቸው። አጥልቀው ጥቂት ከተነፈሱ በኋላ የቀለሙ ሽታ መጥፋቱን ሲያዩ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ፤ ከዚያም ስንት እንደሚሸጥ ጠየቁኝ።

ያ ጭንብል ፋርማሲ የሚሸጠው የጨርቅ ወይም የወረቀት ማስክ አይደለም። የወረቀት ማስክ ተንን ጨርሶ አያስቀርም። ተንን የሚይዘው የተዘጋጀ ከሰል ያለበት ማጣሪያ ሲሆን፣ በአውሮፓ መለኪያ ለእንዲህ ዓይነት ተን የተሠራው በቡናማ ቀለበት ይታወቃል፤ ለጉሙና ለብናኙ ደግሞ ነጭ ቀለበት ያለው ይጨመርበታል። ኤ2ፒ2 ወይም ኤ2ፒ3 ተብሎ የተጻፈበት ሁለቱንም ይይዛል። ጭንብሉ ከፊት ቆዳ ጋር ካልተጣበቀ ዋጋ ስለሌለው ጢሜን ተላጨሁ፤ ሥራ ከመጀመሬ በፊትም ሁልጊዜ ማጣሪያዎቹን በመዳፌ ሸፍኜ አየር ወደ ውስጥ እስብ ነበር፤ ጭንብሉ ወደ ፊቴ ከተሳበ ደህና ነው፣ በጎን አየር ከገባ ማሰሪያው ይስተካከላል። ፕላስቲክ ቀለም ውኃ ነውና ምንም አይል የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ ነገር ግን ሲረጭ በውስጡ ያለው ዱቄትና ማጣበቂያም አብሮ ወደ ሳንባ ስለሚገባ፣ ክፍሎቹን ስረጭም ጭንብሉን አላወለቅኩም፤ መስኮቶቹንም በሁለት በኩል ከፍቼ አየሩ እንዲያልፍ አድርጌያለሁ።

በዚህ አጋጣሚ ጋራዥ ለሚሠሩ ወንድሞች አንድ ቃል ልጨምር። ሃርድነር (ማጠንከሪያ) የሚቀላቀልበት የመኪና ቀለም አብዛኛውን ጊዜ አይሶሲያኔት የሚባል ነገር አለበት። ይህ ነገር በጠረኑ ሳይታወቅ ጎጂ መጠን ላይ ሊደርስ ይችላል፤ አስም ያስከትላል፤ አንድ ጊዜ ሰውነት ከተቆጣበት በኋላ በጣም ትንሽ መጠን እንኳ ደረትን ያፍናል። የእኔ ዓይነት ጭንብል ማጣሪያው ሲያልቅ በጠረን ስለሚታወቅ ነው የሚያገለግለው፤ ሽታው ለማይታወቅ ነገር ግን ከውጭ ንጹሕ አየር በቱቦ የሚያቀርብ ጭንብል ያስፈልጋል። ወጣት ረዳቶች አፋቸውን በሻሽ ብቻ ሸፍነው ይህን ቀለም ሲረጩ ባየሁ ቁጥር ያሳዝነኛል። ከሃርድነር ጋር የሚቀላቀል ቀለም በቤት ውስጥ እንዲረጭ ማንንም አልመክርም።

የኤሌክትሪኩ ነገር ግልጽ ስለሆነ በአጭሩ አልፋለሁ። ገመዱን ከግድግዳ ሶኬት ወሰድኩ እንጂ ፍሪጅና ቴሌቪዥን ከተሰካበት ዲቫይደር አልወሰድኩም። ተጠቅልሎ የተቀመጠ ረጅም ገመድ ጭነት ሲበዛበት ስለሚግል ሙሉ በሙሉ ዘርግቼዋለሁ። ግቢው ውኃ የሚረጭበት በመሆኑ 30 ሚሊአምፔር ኤሌክትሪክ ሲሾልክ የሚያቋርጥ ብሬከር በኤሌክትሪክ ባለሙያ አስገጠምኩ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ወዲያው ሶኬቱን መንቀል ልማዴ ሆኗል፤ አለዚያ መብራቱ ሲመለስ ማሽኑ ሰው ሳያዝዘው ይነሣል።

ለግንቡ አጥር በከፍተኛ ግፊት የሚረጨውን፣ ኤርለስ የሚባለውን ማሽን ተከራየሁ። ይህ ከሌሎቹ የተለየ አክብሮት ይገባዋል። የግፊቱ መጠን እስከ 200 ባር ይደርሳል፤ የመኪና ጎማ የሚይዘው 2 ባር ገደማ መሆኑን ያስቡ። ከኖዝሉ (ከመርጫው ጫፍ ቀዳዳ) የሚወጣው ቀለም ቆዳን በስቶ ጣት ውስጥ ይገባል፤ ከላይ ሲታይ የመርፌ ጠባሳ የምታህል ነጥብ ብቻ ትሆናለች፣ ሕመሙም መጀመሪያ ላይ ቀላል ሊመስል ይችላል፤ ውስጥ ግን ቀለሙ በጅማቱ መንገድ ተሠራጭቶ ሥጋውን ይገድላል፣ ጣት እስከ ማስቆረጥም ያደርሳል። እንዲህ ያለ ነገር ከደረሰ በፋሻ አስሮ ሥራ መቀጠል አይገባም፤ በዚያው ሰዓት ቀዶ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል መሄድና የቀለሙን ጣሳ ወይም ስሙን ይዞ በግፊት የገባ ቀለም መሆኑን ለሐኪሙ መናገር ያስፈልጋል። ኖዝሉ ሲዘጋ በጣት መጥረግ ለማንም የሚቀናው ነገር ቢሆንም፣ ጉዳቱ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ በዚያች ቅጽበት ነው። እኔ በየመዘጋቱ የመርጫውን ቃታ መቆለፊያ እዘጋለሁ፣ ማሽኑን አጠፋለሁ፣ የግፊት መልቀቂያውን እከፍታለሁ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ኖዝሉን እነካለሁ። መብራት ቢጠፋም ግፊቱ በቱቦው ውስጥ እንዳለ ይቆያል፤ ይህን ሥራውን የሚረዳኝ ልጅ በአፉ ደግሞ እስኪነግረኝ ድረስ ደጋግሜ አስረዳሁት።

የኖዝል መዘጋትን ለመቀነስ ቀለሙን ሁሉ በአሮጌ ስቶኪንግ አጠልል ነበር። ከግድግዳው ከ20 እስከ 30 ሳንቲሜትር ርቆ፣ እጅን ሳያጎብጡ ቀጥ አድርጎ መርጨትና እያንዳንዱን ማለፊያ ባለፈው ላይ በግማሽ መደረብ ቅቡን ያሳምራል፤ በከንቱ የሚበተነውንም ጉም ይቀንሳል፤ ስለዚህ ጥሩ አያያዝ ጥሩ ቅብ ብቻ ሳይሆን ሰው የሚተነፍሰውን ቀለም መቀነሻ ነው።

ማጠቡ ላይ ብዙዎች ይደክማቸውና ይቸኩላሉ። ማሽኑን ከሶኬት ነቅዬ፣ ሲንተቲክ የነበረበትን ጽዋና ኖዝል በአኳራጂያ በእጅ አጠብኩ እንጂ አኳራጂያውን በማሽኑ አልረጨሁትም። የታጠበበትን ወደ ቦይ አልደፋሁትም፤ ክዳን ባለው ጣሳ ዝቃጩ እስኪጠል አቆይቼ፣ ከላይ የጠራውን ለሚቀጥለው እጥበት ለየሁት። ሲንተቲክ ቀለም የጠረግንባቸውን ጨርቆች በተመለከተ ግን በጣም እጠነቀቃለሁ፤ በቀለሙ ውስጥ ያለው የሚደርቅ ዘይት ከአየር ጋር ሲዋሐድ ሙቀት ስለሚፈጥር፣ ተጨማድደው በአንድ ጥግ የተከመሩ ጨርቆች ማንም ሳይለኩሳቸው በሌሊት ሊቀጣጠሉ ይችላሉ። እያንዳንዱን ጨርቅ ዘርግቼ ደጅ አደረቅኩት፤ የቀሩትን ውኃ በሞላበት የብረት ጣሳ ነክሬ ከደንኩት። የጭንብሉ ማጣሪያ ክፍት በተተወ ቁጥር ከአየር ውስጥ ሽታ እየሳበ ያልቃልና፣ በደንብ በሚዘጋ ላስቲክ ውስጥ ከትቼ የተከፈተበትን ቀን በላዩ ላይ ጻፍኩበት።